ቃጫና ሙጫ፤ ስለ ቀላል የመኪና አካል አሠራር ታሪክ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በታዘዝኩ ጊዜ፣ ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት እንደሚጽፉ ስለ ተረዳሁ፣ እኔ ስለ ፓራፋንጎና ስለ ኮፈን ለመጻፍ ቆረጥኩ። ይህን የሰማ አንድ የክፍል ጓደኛዬ፣ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የጋራዥ ወሬ ሆነ ብሎ ሳቀብኝ። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ሸክሙን በምን ብልሃት እንዳቀለለ መመርመር፣ ማን ማንን ድል እንደ ነሣ ከመመርመር ያነሰ ታሪክ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ሞተርና ሻንሲ ብረት መሆናቸው ግድ ቢሆንም፣ ከላይ የሚለብሰው አካል፣ ባለሙያዎች ቦዲ የሚሉት፣ የግድ ብረት መሆን የለበትም። የቃጫ፣ የጥጥ ወይም የብርጭቆ ክር ከሚያጣብቅ ሙጫ ጋር ተዋሕዶ ቀጭን፣ ቀላልና ጠንካራ ገበታ ሊሆን ይችላል። ክሩ ሲጎትቱት በቀላሉ አይበጠስም፤ ነገር ግን ብቻውን ይተኛል እንጂ አይቆምም። ሙጫው ደግሞ ቅርጽ ይይዛል፤ ነገር ግን ብቻውን ሲሆን ይሰነጠቃል። ሁለቱ በተዋሐዱ ጊዜ አንዱ የሌላውን ድካም ይሸፍናል። ይህ ጥበብ ከባሕር ማዶ የመጣ ባዕድ ነገር ነው ወይስ በቤታችን የኖረ ነው? ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ግማሹ በቤታችን ነበረ፣ ግማሹም ጎድሎን ቆይቷል ብዬ እመልሳለሁ።

በቤታችን የነበረውን ግማሽ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ መርሳ መድረስ፣ ከዚያም በሀብሩ ወረዳ ካሉት ቀበሌዎች ወደ አንዱ ገብቶ የገበሬ ቤት መጎብኘት ይበቃል። በጓዳው ጥግ ከሰው ቁመት የማያንስ ጎታ ቆሞ ይገኛል። ማሽላው የሚቀመጠው በዚያ ነው። ብዙ ሰው ጎታን ተራ የጭቃ ዕቃ አድርጎ ያየዋል፤ ሲሠራ ቆሞ የተመለከተ ግን ሐሳቡን ይለውጣል። እኔ ሲሠራ ያየሁት የሠፈራችን አንዲት እናት ሲያበጁት ነበር። ጭቃውን በጤፍ ጭድና በእበት ለውሰው ለብዙ ቀን ያቆዩታል፤ እየረገጡም ያሹታል። ከዚያ ዙር በዙር ያቆሙታል እንጂ በአንድ ቀን አይጨርሱትም። አንዱ ዙር ሳይጠነክር ሌላው ቢጫንበት ይንዳልና ነው። ጭዱ ለምን እንደሚገባ ብጠይቃቸው፣ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል አሉኝ። ስለ ውሑድ ቁስ የሚጽፍ የምሕንድስና መጽሐፍ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ጭቃ ውኃው ሲተን ይሸበሸባል፤ ሲሸበሸብም ራሱን በራሱ ይጎትታል። ስንጥቁ መሄድ ሲጀምር ግን ጭዱ በመንገዱ ላይ ተጋድሞ ያቆመዋል። የጎታው ግድግዳ ከመጠኑ ጋር ሲነጻጸር ቀጭን ሆኖ ሳለ ኩንታል በኩንታል የተቆለለ እህል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አገልግልም ሌላው ምሳሌ ነው። በሰንደዶና በአክርማ የተሰፋው ስፌት ቅርጹን ይሰጣል፤ ከላይ እርጥብ ቆዳ ይለበጥበታል፤ ቆዳውም ሲደርቅ ስለሚኮማተር ስፌቱን አጥብቆ ይይዘዋል። ስፌቱ ብቻውን ቢሆን ይጨመቃል፤ ቆዳው ብቻውን ቢሆን ይጣጠፋል። በበቅሎ ኮርቻ ላይ ታስሮ ቀኑን ሙሉ ሲናጥ የሚውል የስንቅ ዕቃ ቀላል መሆን እንዳለበት አያቶቻችን ስላወቁ፣ ከሸክላም ከእንጨትም ይህን መረጡ። ኋላ እንደምናየው፣ በ1920ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ስሙ የገነነ አንድ የመኪና አካል ሠሪ ያደረገው ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም።

በትምህርት ቤታችን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል የተማርን ሁሉ ደግሞ ሁለት ነገር እናስታውሳለን። ሁለቱም በኦሪት ዘጸአት ይገኛሉ። አንደኛው ሕፃኑ ሙሴ የተቀመጠበት ሣጥን ነው፤ ከደንገል ተሠርቶ በዝፍትና በቅጥራን የተለቀለቀ ነበር። ደንገሉ ክር ነው፤ ዝፍቱ ሙጫ ነው። የጣና ታንኳም ከዚያው ከደንገል ይታሰራል፤ ዝፍት ግን አይቀባም። ሁለተኛው እስራኤላውያን ለጡብ የሚሆን ገለባ በተከለከሉ ጊዜ የደረሰባቸው ጭንቅ ነው። ብዙ አንባቢ ይህን ምዕራፍ ሲያነብ የፈርዖንን ጭካኔ ብቻ ያያል፤ እኔ ግን ገለባ የጡቡ አጥንት እንደ ነበረ ያን ጊዜ የነበረው ሁሉ ያውቅ እንደ ነበር ጭምር አያለሁ።

ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። ክብደት ምን ማለት እንደ ሆነ የወሎና የአካባቢው ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ያለፈው በዚህ ምድር ነውና። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተቀለጠው ይህ መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ በዋድላና በደላንታ በኩል ገደሉን እያስቆረጡ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ፣ ወደ መቅደላ ለማድረስ የፈጀባቸው ጊዜ ስድስት ወር ያህል ነው። ከባድ ነገር መንገድ ይፈልጋል፤ መንገድ ደግሞ ጉልበት ይበላል። በጋፋት መድፉን የሠሩት ለስብከት የመጡት እንደ ዋልድማየር ያሉ የሚሲዮን የእጅ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ከነሱ ጋር የኢትዮጵያ ወጣቶችም ሥራ ይማሩ ነበር። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ግን የጋፋት የእጅ ሥራ ትምህርት አብሮ ቆመ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ እንደ መሆኔ፣ ከመድፉ ይልቅ ለዚህ መቋረጥ አዝናለሁ።

ከዚህ በኋላ አርባ ዓመት ቆይቶ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው የሲድሌይ መኪና ነበር፤ ዓመቱም 1900 ዓ.ም. ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ዓመት እባክህ ልብ በል። በዚሁ በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን ስለ ማክበር የታወቀውን ዐዋጅ አወጡ። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ በእጁ ጥሮ የሚያድረውን ሁሉ በሙያው ስም መስደብ እንደሚያስቀጣ፣ የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት እንደ ተወለደ የሚናገር ዐዋጅ ነው። ንጉሡ ሁለቱን ነገሮች አያይዘው አስበው እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ለኔ ግን በአንድ ዓመት መግጠማቸው ደስ ይለኛል። መኪና ያለ ቀጥቃጭ አይቆምም፤ ቀጥቃጭም እየተሰደበ ልጁን ሙያውን አያስተምርም። ዐዋጁ ወጣ እንጂ ስድቡ በአንድ ቀን አልጠፋም። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በሩቅ የሚታዩበት ልማድ በዘመናችንም ፈጽሞ እንዳልጠፋ፣ ከኛ መካከል ከገጠር የመጣን ሁሉ እናውቃለን።

የላሜራ ሥራ በአገራችን የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜና ከዚያ በኋላ ነው። ከአስመራ በወልድያና በደሴ አልፎ አዲስ አበባ የሚገባው ትልቅ መንገድ በዚያን ጊዜ ለከባድ መኪና እንዲሆን ተሠራ። ወራሪው ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ ቃላቱም ቀሩ። ዛሬ በወልድያ ወይም በመርሳ ጋራዥ ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ ኮፈን፣ ቸርኬ፣ ካሶኒ፣ ባትላሜራ የሚሉ ቃላት ሲነገሩ የምንሰማው ሁሉ ምንጩ ጣሊያንኛ ነው። ባትላሜራው ግን የኛው ሰው ነው። በመዶሻና በብየዳ የተጨፈለቀውን ያቀናል፤ የጎደለውን ከላሜራ ቆርጦ ይተካል፤ ስቱኮ ቀብቶ ያለሰልሳል። የዚህ ሙያ ታላቁ ፍሬ በአገራችን ቅጥቅጥ የሚባለው አውቶቡስ ነው። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ተወስዶ፣ አካሉ እዚሁ አገር ውስጥ ከብረት ቧንቧና ከላሜራ እየተቀጠቀጠ ይሠራል፤ ስሙም ከአሠራሩ ወጣ። ስንቶቻችን ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣነው በቅጥቅጥ ተሳፍረን ነው! ሰዎች ቅጥቅጥን ይቀልዱበታል፤ እኔ ግን ያለ ትልቅ ፋብሪካ አውቶቡስ ያቆመ ሕዝብ ሊቀለድበት የሚገባ አይመስለኝም።

ችግሩ ክብደቱ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር 7 ኪሎ ተኩል ያልፋል። ጣራውና ጎኑ በጠቅላላው 40 ካሬ ሜትር ላሜራ የሚለብስ አውቶቡስ ቢኖር፣ ልብሱ ብቻ ከ310 ኪሎ በላይ ይሆናል ማለት ነው። በብርጭቆ ክርና በፖሊስተር ሙጫ የተሠራ 3 ሚሊ ሜትር ገበታ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ተኩል ያህል ስለሚመዝን፣ ያው 40 ካሬ ሜትር በ180 ኪሎ ይሸፈናል። ልዩነቱ ከአንድ ኩንታል ይበልጣል። ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን ዳገት እየተጠማዘዘ ወደ ጋሸና የሚወጣ ሹፌር፣ ያ ኩንታል ባዶ ብረት ሆኖ በየቀኑ ነዳጁን ሲጠጣበት ይኖራል። ለዚህ ነው ነገሩ የጋራዥ ወሬ ብቻ አይደለም የምለው፤ የትራንስፖርት ዋጋ ሲጨምር የማሽላና የጨው ዋጋ አብሮ ይጨምራልና።

እንግዲህ ወደ ሌላው ዓለም ተሻግረን፣ ጎድሎን የቆየው ግማሽ እንዴት እንደ ተገኘ እንይ። በመጀመሪያው ዘመን የመኪና አካል የሚሠራው እንደ ሠረገላ በእንጨት አጥንት ላይ ነበር። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቻርልስ ዌይማን የተባለ፣ በሄይቲ አገር የተወለደ አውሮፕላን አብራሪ፣ የአውሮፕላንን አሠራር ወደ መኪና አዛውሮ ቀጭን የእንጨት አጥንት ላይ ቆዳ መሰል ጨርቅ የሚለብስ አካል በፓሪስ መሥራት ጀመረ። ቀላል ነበር፤ አይንኳኳምም ነበር። አገልግልን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ሄንሪ ፎርድ ደግሞ በነሐሴ ወር 1941 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በዲርቦርን ከተማ አንድ መኪና ለሕዝብ አሳየ። አጥንቱ የብረት ቧንቧ ሲሆን የለበሰው 14 የፕላስቲክ ገበታ ነበር፤ ለፕላስቲኩም አኩሪ አተርንና ሌላ የእርሻ ፍሬን ይጠቀም ነበር። ክብደቱ 900 ኪሎ ገደማ፣ ማለት ከብረቱ መኪና በ450 ኪሎ ያህል የቀለለ እንደ ነበረ ተነግሯል። ጦርነቱ መጥቶ ሥራው ቆመ።

ነገሩን ከትልልቅ ፋብሪካ አውጥቶ ወደ ተራ ሰው ቤት ያስገባው የብርጭቆ ክር ነው። በ1930ዎቹ በአሜሪካ ብርጭቆን እንደ ጥጥ በብዛት መፍተል ተቻለ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ያለ ከባድ መጭመቂያና ያለ እሳት የሚጠነክር የፖሊስተር ሙጫ ተገኘ። ይህ ሁለተኛው ነገር ከሁሉ የበለጠ ነው፤ መጭመቂያ ማሽን የማይፈልግ ሙጫ ማለት፣ ድሀ ሊሠራበት የሚችል ሙጫ ማለት ነውና። በካሊፎርኒያ ቢል ትሪት የተባለ ጀልባ ሠሪ ለጀልባ የተማረውን በ1951 እ.ኤ.አ. ወደ መኪና አዛውሮ ጂ2 የተባለውን አካል አወጣ፤ ሰዎችም አካሉን ብቻ እየገዙ በየቤታቸው በአሮጌ ሻንሲ ላይ ይገጥሙት ጀመር። ትልቁ ኩባንያ ጄኔራል ሞተርስ ኮርቬት የተባለውን መኪና በዚሁ ዓይነት አካል መሥራት የጀመረው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት የሠራውም 300 ብቻ ነበር። በእንግሊዝ አገርም በ1950ዎቹ በየጓሮው የድሮ የኦስቲን ሻንሲ ላይ አዲስ አካል የሚያለብሱ ሰዎች በዙ። ልብ በሉ፤ ጀልባ ሠሪው ከኩባንያው ቀደመ።

ከነዚህ ሁሉ ግን ለኛ አገር የሚቀርበው የምሥራቅ ጀርመን ታሪክ ይመስለኛል። በስቪካው ከተማ ከጦርነቱ በፊትም ዴካቬ የተባሉ፣ በቆዳ መሰል ጨርቅ የተለበጠ የእንጨት አካል ያላቸው መኪናዎች ይገጣጠሙ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ የላሜራ ብረት አጣ። መሐንዲሶቹም ከሶቪየት ኅብረት የሚመጣውን የጥጥ ብጣሪ ከፌኖል ሙጫ ጋር በግለት እየጨመቁ ገበታ አወጡ፤ ዱሮፕላስት አሉት። ትራባንት የተባለው መኪና በዚህ ለብሶ ከ1957 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ተሠራ፤ ብዛቱም ሦስት ሚሊዮን ያህል ደረሰ። መኪናው በጠቅላላው 600 ኪሎ ገደማ ነበር። ሰዎች የካርቶን መኪና እያሉ ቀለዱበት፤ ጭሱ እንደሚከረፋም እውነት ነው። ነገር ግን ገበታው አይዝግም። ጥፋቱ የመጣው በመጨረሻ ነው፤ ሲያረጅ ቀልጦ እንደገና ስለማይሠራ የት እንደሚጥሉት ጭንቅ ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ብጣሪ መጣያ ያልሆነበት አገር መኖሩ ነው። በኛ ወሎ በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ የጥጥ ፋብሪካ ባለበት ደግሞ ብጣሪ አይጠፋም።

አሁን አሠራሩን ልግለጽ፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብዘገይ አንባቢ ይታገሠኝ። የባጃጅ ወይም የመኪና ፓራፋንጎ በቤት ውስጥ ለመሥራት በመጀመሪያ ፎርማ ያስፈልጋል። ያልተጎዳ ፓራፋንጎ ከተገኘ እሱን መቅዳት ይቻላል፤ ካልተገኘ ከእንጨትና ከጀሶ ይቀረጻል፤ በስቱኮ ተለስኖ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። በፎርማው ላይ ያለ ጭረት ሁሉ በሥራው ላይ ይታያል። ቀጥሎ ፎርማው ደጋግሞ ሰም ይቀባል፤ ሥራው ተጣብቆ እንዳይቀር ነው። እናቶቻችን እንጀራው እንዳይዝባቸው ምጣዱን የሚያስሱት ለዚሁ ጉዳይ መሆኑን ማንም ልጅ ያውቃል። ከዚያ ፖሊስተሩ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ማጠንከሪያ ይጨመርበትና በብሩሽ ይቀባል፤ የብርጭቆው ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ደግሞ ሙጫ፣ ደግሞ ምንጣፍ፤ በየመካከሉ አየሩ በሮለር እየተጨመቀ ይወጣል። አየር የቀረበት ቦታ ደካማ ነው። ብዙ ሙጫ ማፍሰስም ጥንካሬ አይደለም፤ ደኅና ሥራ የሚባለው ከክብደቱ ሲሦ ያህሉ ብርጭቆ ሲሆን ነው። ጭቃ የበዛበት፣ ጭድ ያነሰው ጎታ እንደሚሰነጠቅ፣ ይህም እንዲሁ ይሰነጠቃል። እንደ መርሳ ባለ ሞቃት ቦታ በቀትር የተሠራ እንደ ሆነ ሙጫው ብሩሹ ላይ ሳለ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት መለወስ፣ ወይም ማለዳ መሥራት ይገባል።

አደጋውን ሳልናገር ባልፍ ወላጆች ይወቅሱኛል፤ በደንብም ይወቅሱኛል። ከሙጫው የሚወጣው የስታይሪን ሽታ ራስ ያዞራል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ ይልቁንም ምድጃ ባለበት፣ መሥራት ፈጽሞ አይገባም፤ ይነዳልና። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። ማጠንከሪያውና ኮባልት የተባለው ማፍጠኛ ለየብቻ ከመጡ፣ ሁለቱን በቀጥታ ማገናኘት ፍንዳታ ያመጣል። በአንድ ዕቃ ብዙ የተለወሰ ሙጫ በራሱ ግለት ይጨሳል። የደረቀውን ሲቆርጡና ሲፈገፍጉ የሚወጣው የብርጭቆ ትቢያ ሳንባ እንዳይገባ የአፍንጫ መሸፈኛና የዓይን መነጽር ያሻል። ደግሞም በዚህ መንገድ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ የውስጥ ሽፋን ይሠራል እንጂ፣ ሻንሲና መሪን የመሰለ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነገር አይሞከርም።

የብርጭቆ ክር ከውጭ በገንዘብ የሚመጣ ነው። ቃጫ ግን በደጃችን አለ። በወሎ ቆላና ወይና ደጋ በአጥርና በእርሻ ዳር ቆሞ የምናየው ይህ ተክል አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ ቅጠሉ ተቀጥቅጦና ተፍቆ ክሩ ይወጣል፤ እኛም ለገመድና ለጆንያ ብቻ የተፈጠረ አድርገን እንቆጥረዋለን። በአውሮፓ የመኪና ፋብሪካዎች ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ተልባን፣ ቃጫንና የመሳሰሉትን ለበር ውስጥ ሽፋን በሰፊው ይጠቀማሉ። በአገራችንም በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችና መምህራን ቃጫን ከሙጫ ጋር አዋሕደው እየሠሩ ጥንካሬውን መርምረዋል። ቃጫው ከብርጭቆ ይቀልላል፤ ትቢያውም እንደ ብርጭቆ አይወጋም። በጥንካሬ ግን ብርጭቆ ይበልጠዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃጫ ውኃ ይጠጣል። ውኃ የጠጣ ክር ያብጣል፤ ሲያብጥ ከሙጫው ይላቀቃል። ስለዚህ በቀጭን የኮስቲክ ሶዳ ውኃ ታጥቦ ቅባቱ ይወጣል፤ ፀሐይ ላይ በደንብ ይደርቃል፤ ሥራውም ካለቀ በኋላ ጠርዙ ሳይቀር ቀለም ይቀባል። የሀብሩ ፀሐይ ለማድረቅ አይሰስትም።

የቀረው ሙጫው ነው። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ስለ ሆነ እዚህ አይገኝም፤ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ዋጋውም ከቃጫውና ከጉልበቱ ሁሉ ይበልጣል። የግራራችን ሙጫ በውኃ ስለሚሟሟ ለመኪና አይሆንም፤ አንድ የሐምሌ ዝናብ ይጨርሰዋል። ይሁን እንጂ ከጉሎ ዘይት ፖሊዩሬቴን የተባለ ጠንካራ ሙጫ እንደሚወጣ ታውቋል፤ በሌላው አገርም ለቀለምና ለማጣበቂያ ይሠሩበታል። ይህም በጓሮ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ዘይቱን ከሌላ መርዛማ የኬሚካል ቅመም ጋር ማዋሐድ ስላለበት ላቦራቶሪና አዋቂ ይፈልጋል። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማእከል አጠገብ ጭምር፣ ጉሎ ማንም ሳይዘራው በቅሎ ይታያል። ፍሬው ሲበስል ይፈነዳል፤ መሬት ላይም ይቀራል፤ ከዚያ ውስጥ የሚለቀመው አዲስ ምጣድ ለማሟሸት የምትበቃዋ ጥቂቷ ብቻ ናት።